ባንኮክ ከሄዳችሁ ዋት ፍራ ኬው እንዳያመልጣችሁ

ለሕክምናም ሆነ ለንግድ ባንኮክ ከሄዳችሁ፣ ግማሽ ቀን አውጡና በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ያለውን የቡድሃ ቤተ መቅደስ፣ ዋት ፍራ ኬውን እዩ። በሩ የሚከፈተው በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ነው፤ በጊዜ ድረሱ፣ ከረፈደ ሙቀቱም ሰዉም አይቻልም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ግዴታ ነው። መንገድ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ እስከ በሩ ሂዱ።

ውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ ይሄ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የለመድነው ነው። ስትቀመጡ ግን እግራችሁን ወደ ቡድሃው ሐውልት አትዘርጉ፣ ነውር ነው። ፎቶም ክልክል ነው። ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸው ቡድሃ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ልብሱ በየወቅቱ በዓመት 3 ጊዜ ይቀየርለታል።

ስትወጡ አትቸኩሉ። ዙሪያውን ባለው ግድግዳ ላይ ራማኪየን የተባለው የታይላንድ የጀግኖች ተረት በ178 ክፍል ተስሏል፤ እኔ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው።