በሶብላው እንዳይሻግት፦ የቤዝመንት የተክል ድንኳን እርጥበትን መቆጣጠር

እናቴ አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ስታየው፣ «ልጄ፣ ለበሶብላ ድንኳን ተጣለለት? ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ?» አለችኝ። ሁለቱም አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ቤዝመንት ውስጥ የቆመች ትንሽ ጥቁር ድንኳን ናት። ወርዷ 60፣ ርዝመቷ 120፣ ከፍታዋ 180 ሴንቲሜትር። ውስጧ ያብረቀርቃል፤ ከላይ የኤልኢዲ መብራት ተሰቅሎባታል። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ጥቂት ሚጥሚጣ አሉባት። እርጥብ ጤና አዳም እዚህ እንደልብ አይገኝም። እርጥብ ኮሰረትማ ተዉት።

የዚህ አካባቢ ሰመር ወበቅ ነው። ቤዝመንት ደግሞ በባሕርይው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ድንኳኑ ውስጥ ሻጋታ ይነሳል። ብዙ ሰው ያኔ ሮጦ ማሽን ይገዛል። እኔ የምለው ሌላ ነው። የእርጥበት ነገር የሚወሰነው ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን ድንኳኑ የቆመበት ክፍል ውስጥ፣ እንዲሁም መብራቱ በጠፋባቸው ሰዓታት ነው። እነዚህን ሁለቱን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። የምታጠጡት እናንተ ናችሁ። ተክል ከሚጠጣው ውሃ ለራሱ የሚያስቀረው ከመቶ ሦስት እጅ ቢሆን ነው። የቀረውን በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይተነፍሰዋል። ሁለት ሊትር ካጠጣችሁ፣ ዛሬም ሆነ ነገ ሁለት ሊትሩ ከሞላ ጎደል አየር ውስጥ ይገባል። የእኔ ድንኳን ይዘቷ 1.3 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይህ ሁሉ አየር ጢም ብሎ ቢሞላ የሚሸከመው ውሃ 30 ግራም አካባቢ ነው። የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ዚፑን ዘግቶ ውስጡን ማድረቅ የማይሆን ነገር ነው። አየሩ መውጣት አለበት፤ ያለማቋረጥ።

ግን መጀመሪያ የሚገዛው ፋን አይደለም፤ መለኪያ ነው። አየሩ መሸከም ከሚችለው ውሃ ከመቶ ስንቱን እንደያዘ የሚነግረው የእርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው። ርካሽ በመሆኑም ይዋሻል። አምስት በመቶ፣ አንዳንዴም አስር በመቶ ይስታል። ስለዚህ ከመስቀላችሁ በፊት በጨው ፈትኑት። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ የገበታ ጨው ሙሉ። ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት። ጨው እንዲርስ ነው እንጂ እንዲሟሟ አይደለም። ከላዩ ውሃ ከተኛበት በዝቷልና ጨው ጨምሩ። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ዚፕሎክ ከረጢት ውስጥ አድርጉ፤ ጨውና መለኪያው ግን አይነካኩ። ትንሽ አየር ትታችሁ ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉት። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ከረጢቱን ሳትከፍቱ አንብቡ። 75 ማለት አለበት። የጠገበ የጨው ውሃ በቤት ሙቀት ላይ፣ አብሮት የታፈነውን አየር 75 በመቶ ላይ ያቆመዋል። መለኪያችሁ 70 ካለ 5 እየጨመራችሁ አንብቡ። ጀርባው ላይ በስክሪብቶ ጻፉበት፤ ትረሱታላችሁ።

ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል። አንዱ ድንኳኑ ውስጥ በቅጠሎቹ ቁመት ልክ ይሰቀል፤ መብራት እንዳይመታው፣ ፋን ፊት ለፊትም እንዳይሆን። ሁለተኛው ውጭ፣ ክፍሉ ውስጥ። የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ የሚይዘውን ዓይነት ግዙ። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር እናንተ ተኝታችሁ ሳለ የታየው ነውና።

እርጥበቱ ስንት በመቶ ይሁን? ለችግኝ ከ65 እስከ 70 ጥሩ ነው። ላደገ ተክል ከ50 እስከ 60። ሚጥሚጣ ሲያብብ 50 አካባቢ ቢሆን ይሻለዋል። በጣም ሲረጥብ የአበባው ብናኝ ይጣበቃል፤ ፍሬ አይዝም። አበባውን በጣት መታ መታ ማድረግም ይረዳል። ጨለማ ላይ ከ65 ባያልፍ ደስ ይለኛል።

አሁን ፋኑ። ለዚህ ልክ ድንኳን የ4 ኢንቹ በቂ ነው፤ እንዲያውም በዝቅተኛ ፍጥነት ይሠራል። ከላይ ሰቅላችሁ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ እንዲስብ አድርጉ። ከታች ያሉትን መረብ ያላቸው መስኮቶች ክፈቱ። አዲስ አየር በእነሱ ይገባል። የድንኳኑ ግድግዳ ትንሽ ወደ ውስጥ ጎባ ካለ እየሳበ ነው። ወደ ውጭ ካበጠ ፋኑ ተገልብጧል። በየደቂቃው አንዴ አየሩ ቢለወጥ የድንኳኑ እርጥበት ከክፍሉ ብዙም አይርቅም። ከፋኑ ጋር የሚሸጠውን የከሰል ፊልተር አትግዙ፤ አየሩን ያንቀዋል። ፊልተሩ ሽታ ለማፈን ነው። የበሶብላ ሽታ የሚያፍን ሐበሻ ካለ ደግሞ አሳዩኝ።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ድንኳኑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለው ያነሰ ውሃ ያለበት አየር ከየትም አያመጣም። ክፍሉ 70 በመቶ ከሆነ ፋኑ ቢጮህ ቢያገሳ ለውጥ የለም። ስለዚህ ዲሂሚዲፋየር (ከአየር ላይ እርጥበት የሚያወጣ ማሽን) የምትገዙ ከሆነ ድንኳኑ ውስጥ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ አቁሙት። ማሽኑ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ድንኳኑ ውስጥ ከገባ ተክሉን ያበስለዋል። እንደ ፍሪጅ ኮምፕረሰር ያለውን ግዙ። ትንሿ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠዋ ጌጥ መሳይ ማሽን በቀን ግማሽ ሊትር ብትስብ ነው። እናንተ ሁለት ሊትር እያጠጣችሁ እሷ ምን ታደርጋለች? ኮምፕረሰር ያለው አነስተኛው እንኳ በቀን ብዙ ሊትር ያወጣል። 50 በመቶ ላይ አድርጉት። የሚቻል ከሆነ ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ፍሳሽ ላኩት። ባልዲው ሲሞላ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፤ የሚሞላው ደግሞ ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ከባልዲው የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ቢመስልም በማሽኑ ብረት ላይ የተንጠባጠበ ነው። ለሚበላ ተክል አላጠጣውም።

ከዚያ መስኮቱ አለ። ሰው ሲታፈን መስኮት ይከፍታል፤ ልማድ ነው። ጁላይ ላይ ግን መስኮት መክፈት እርጥበት መጋበዝ ነው። የስልካችሁ የአየር ሁኔታ ገጽ ላይ «ዲው ፖይንት» የሚል ቁጥር አለ። አየሩ ስንት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ጤዛ እንደሚጥል ይነግራችኋል። ከፐርሰንቱ ይልቅ እሱን እዩ። 22 ዲግሪ ሙቀትና 55 በመቶ እርጥበት ያለው ቤዝመንት የጤዛ ነጥቡ 13 ዲግሪ ገደማ ነው። ውጭ ያለው ከ13 በታች ከሆነ መስኮቱን ክፈቱ፤ ነፃ ማድረቂያ ነው። ከ13 በላይ ከሆነ ዝጉት። እዚህ ጁላይ ላይ 21 እና 22 መድረሱ የተለመደ ነው። ያ አየር ቀዝቃዛው የቤዝመንት ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ግድግዳው ያልበዋል።

የፋኑ ቱቦ የት ይድረስ ለሚለውም መልሱ ከዚህ ይመነጫል። በሰመር ዲሂሚዲፋየር ካለ ቱቦው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቢለቅ ይሻላል። ወደ ደጅ ካወጣችሁት ቤቱ በየስንጥቁ በኩል ያንኑ ወበቅ ይስባል። በጸደይና በመከር ግን በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ፎም ላይ ቀዳዳ አበጅታችሁ ወደ ደጅ ላኩት። በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ያለበት ቤዝመንት ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አየር ወደ ደጅ ሲሳብ የማሞቂያው ጭስ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳይኖር አትሞክሩት።

ክፍሉን የሚያረጥቡ ሌሎችም አሉ። የልብስ ማድረቂያው ቱቦ ከግድግዳው ተላቆ ይሆናል፤ ከኋላው እጃችሁን ሰዳችሁ ዳሱት። የታጠበ ልብስ ቤዝመንት ውስጥ አታስጡ። ከሁሉ በላይ ግን የእኛ ቤት ጉድ ምጣዱ ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን እንጀራ የምንጋግረው ቤዝመንት ነው፤ ሽታው ሳሎን እንዳይገባ። አክምባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣውን እንፋሎት አስቡት። ከሊጡ ውሃ ከፊሉ አየር ላይ ይቀራል። የክፍሉን መለኪያ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጋግሩ፤ እንጀራው በወጣ ቁጥር ቁጥሩ ሲወጣ ታዩታላችሁ። ጋራዥ ካላችሁ እዚያ ጋግሩ። ከሌላችሁ መብራቱ እንደበራ ጀምሩ፤ ከጨለማው በፊት ዲሂሚዲፋየሩ ክፍሉን ለማድረቅ ጊዜ ያገኛል። የድንኳኑን የታች መስኮቶች በምጣዱ በኩል ካሉ ዝጉና በሌላው በኩል ያሉትን ክፈቱ።

ሌላም ነገር አለ። ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይበላል። የተለመደው የአሜሪካ ባለ 15 አምፒር መስመር ጣሪያው 1800 ዋት ነው። ዲሂሚዲፋየሩ እዚያው መስመር ላይ ከተሰካ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ብሬከሩን ስትመልሱት ምጣዱ ይሞቃል፤ አንዳንዱ ዲጂታል ዲሂሚዲፋየር ግን በራሱ አይነሳም። ሄዳችሁ ቁልፉን ተጫኑ።

ወደ ጨለማው እንምጣ። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፤ ሲቀዘቅዝ አይችልም። መብራቱ በርቶ 25 ዲግሪና 60 በመቶ የነበረ ድንኳን መብራቱ ጠፍቶ ወደ 18 ዲግሪ ቢወርድ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት 90 በመቶን ያልፋል። 16 ላይ ከደረሰ ቅጠሉ ላይ ጤዛ ይቀመጣል። ቀን ቀን መለኪያውን እያየ «ኧረ የኔ ደህና ነው» የሚል ሰው በሶብላው ለምን እንደሞተ አይገባውም።

ስለዚህ ፋኑን ከመብራቱ ጋር አንድ ታይመር ላይ አትሰኩት። ፋኑ 24 ሰዓት ይሥራ። ውስጥም አንዲት ትንሽ የምትዞር ፋን ቅጠሎቹን ነቅነቅ ታድርግ፤ በቀጥታ አትግረፋቸው። ቤዝመንታችሁ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሰዓቱን ገልብጡት። መብራቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይብራ፤ ጨለማቸው ቀን ላይ ይሁን። ሌሊት መብራቱ ራሱ ያሞቃቸዋል። ተክሉ ፀሐይ የት እንዳለች አያውቅም።

ማጠጣት መብራቱ እንደበራ ነው። ከመጥፋቱ በፊት በፍጹም አታጠጡ። ከማሰሮው ሥር ሳህኑ ላይ የቀረውን ውሃ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ ድፉት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ፤ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ጤና አዳም በተለይ እርጥብ አፈር አይወድም፤ አየር በሚገባበት ጥግ አስቀምጡት። ሚጥሚጣ ቅጠል ሥር ትንንሽ እብጠት ካያችሁ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ አፈሩም አየሩም ሲረጥብ ተክሉ ውሃውን ማስወጣት አቅቶት ነው። ከታች ያሉትን ብርሃን የማያገኙ ቅጠሎች ልቀሙ። የአንዱ ቅጠል ሌላውን ከነካ አራርቁ፤ ካልተቻለም ቀንሱ።

በሶብላን በየጠዋቱ ገልብጣችሁ እዩ። በሶብላ ያለበትን የባሲል ወገን የሚፈጅ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል በሽታ አለ። አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2007 ፍሎሪዳ ላይ ነው፤ ከዚያ ተዛመተ። ሲጀምር ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። ሰው ማዳበሪያ ያነሰው ይመስለውና ይጨምርበታል። ቅጠሉን ግልብጥ ብታደርጉት ግን ግራጫ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ብናኝ ታገኛላችሁ። ይህ ብናኝ የሚወጣው በጨለማና በከፍተኛ እርጥበት ነው። ካገኛችሁት ርኅራኄ የለም። መጀመሪያ ፋኖቹን አጥፉ፤ ብናኙ እንዳይበተን። ተክሉ ላይ ፕላስቲክ ከረጢት ከላይ አልብሱ፣ ከሥሩ ቁረጡ፣ ቋጥራችሁ ደጅ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ። የድንኳኑን ግድግዳ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። ለምግብ ተክል ያልተፈቀደ መድኃኒት አትርጩ፤ የምትበሉት ነው።

ሩዝ በሳህን፣ ከጫማ ሳጥን የወጣ የሲሊካ ከረጢት፣ ከሰል ድንኳኑ ጥግ ማስቀመጥ፤ ሁሉም በየቀኑ በሊትር ለሚለቀቅ ውሃ ምንም አይደሉም። ቁም ሣጥን ውስጥ ይጠቅሙ ይሆናል።

ኖቬምበር ላይ ሂተሩ ሲነሳ ነገሩ ይገለበጣል። ቤቱ ከ30 በመቶ በታች ይወርዳል፣ የቅጠሉ ጫፍም ይደርቃል። ያኔ ፋኑን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። የታች መስኮቶቹን ከፊላቸውን ዝጉ። ችግኞቹን ባለ ክዳን ትሪ ውስጥ አድርጉ። ዲሂሚዲፋየሩን ንቀሉ፣ ማጣሪያውን እጠቡ፣ ባልዲውን አድርቃችሁ አስቀምጡ። ውሃ ይዞ የከረመ ባልዲ ሜይ ላይ ሲከፈት ሽታው አይጣል ነው።