ጓንጁ ላይ እራት ሲጋበዙ እንዴት ይበላል?

ዕቃ ሊገዛ ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንጁ የሚሄድ ነጋዴ እራት መጋበዙ አይቀርም። የአሜሪካንና የአውሮፓን ሬስቶራንት የለመደ ሰው ግን እዚያ ግራ ይገባዋል። ፈረንጅ የየራሱን ምግብ አዝዞ ከየራሱ ሳህን ይበላል። ቻይና ውስጥ ምግቡ የጋራ ነው፤ የሚመራው ደግሞ ጋባዡ ነው።

መጀመሪያ፣ እንደገቡ ዝም ብለው አይቀመጡ። ፊቱን ወደ በሩ ያዞረው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የክብር ቦታ ነው። የት እንደሚቀመጡ ያሳዩዎታል።

ቀጥሎ ትዕዛዝ ነው። ለሁሉም የሚያዘው ጋባዡ ስለሆነ የማይበሉትን አስቀድመው ይንገሩት። ጾም ከሆነ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አይበቃም። ቶፉውም (ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ ምግብ) ፎሶሊያውም የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ጣል ተደርጎበት ሊመጣ ይችላል። መረቁም የአጥንት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥጋ፣ መረቅና የአሳማ ስብ እንዳይገባበት ብለው ለይተው ይናገሩ። ሙስሊም ከሆኑ ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች የሚሠሩባቸውን፣ በላንጆ ከተማ ስም የሚጠሩትን የኑድል ቤቶች ይፈልጉ።

ከዚያ ሻይ ይቀርባል። ጓንጁ ላይ ብዙ ሰው በመጀመሪያው ትኩስ ሻይ ስኒውንና ቾፕስቲኩን (የመብያ እንጨቶቹን) ያለቀልቅና ውሃውን ትልቅ ሳህን ላይ ይደፋዋል። ያንን እንዳይጠጡት! ሰው ሲቀዳልዎ በሌባ ጣትዎና በመሀል ጣትዎ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው መታ መታ ያድርጉ፤ ምስጋና ነው። ማንቆርቆሪያው ባዶ ከሆነ ክዳኑን ገርበብ አድርገው ይተዉት። አስተናጋጁ አይቶ ይሞላዋል።

ምግቡ ሲመጣ ጠረጴዛው መሀል ላይ ያለውን፣ ምግቡ የሚደረደርበትን ተሽከርካሪ መስታወት ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ሌላው እያነሳ ከሆነ ግን ይጠብቁ። በኩልዎ ካለው ይውሰዱ እንጂ ውስጡን አያማስሉ። የጋራ ቾፕስቲክ ካለ በእሱ ያንሱ። ቢላ አይፈልጉ፣ ሥጋው ኩሽና ውስጥ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። የሩዝ ሳህኑን ወደ አፍ ማስጠጋት ፈረንጅ ዘንድ ነውር ቢሆንም እዚያ ደንብ ነው። አደራ፣ ቾፕስቲክ ሩዝ ላይ ሰክተው አያቁሙ! ለሙታን የሚጨስ ዕጣን ይመስላል። ጋባዡ ሳህንዎ ላይ ምግብ ቢጨምር እንደ ጉርሻ ቆጥረው ይቀበሉት። መጀመሪያ በመጣው ግን አይጥገቡ፣ ገና ብዙ ይከተላል።

ጽዋ ሲነሳ የእርስዎን ብርጭቆ ከታላቅዎ ብርጭቆ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያጋጩ።

ሒሳቡን የሚከፍለው ጋባዡ ነው፤ እንደ ፈረንጅ «እንካፈል» አይባልም። አንዴ «እኔ ልክፈል» ብለው ይተዉለት። አሜሪካ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይሰጣል፤ ጓንጁ ላይ ግን አልተለመደም። በሚቀጥለው እራት ተራው የእርስዎ ነው።