ታጉ እምቢ ሲል በቴክስት አትሸፍኑት፦ የሬቪት ታግ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

"ኢንጂነር፣ የቱን ልያዝ? ፕላኑ ዲ3 ይላል። ስኬጁሉ ላይ ዲ3 70 ሳንቲ ነው። እዚህ የተተወው ክፍተት ግን 90 ነው።"

ስልኩን የደወለው በርና መስኮት የሚሠራልን ባለሙያ ነበር። ስኬጁል ያለው የበሮቹን ዓይነትና መጠን የሚዘረዝረውን ሠንጠረዥ ነው። ሕንፃው ጂ+4 አፓርትመንት ነው። ፋይሉን በሬቪት (ፕላኑን በሠራንበት የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር) ከፍቼ ዲ3 የሚለውን ስነካው ታግ ሆኖ አላገኘሁትም። ታጉ አልሠራ ሲል አንድ ሰው በቴክስት የጻፈው ተራ ጽሑፍ ነው። በሩ ከ70 ወደ 90 ሲቀየር ጽሑፉ ባለበት ቀረ።

ታግ ማለት ፕላን ላይ ከበር፣ ከክፍል ወይም ከግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚቀመጥ መለያ ነው፤ የራሱ መረጃ የለውም። በሩ ውስጥ፣ ክፍሉ ውስጥ ወይም ግድግዳው ውስጥ የተጻፈውን አንብቦ ያሳያል። ስለዚህ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን እያነበበ ነው?" የሚለው ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሬቪት ላይ የራስን ታግ ሲሠሩ ደጋግሞ የሚያጋጥመውን ነው።

ዲ1 ስጠብቅ 47 መጣ

እኛ ፕላን ላይ በርን የምንጠራው በዓይነቱ ነው። ዲ1 ዋናው በር፣ ዲ2 የመኝታ ቤት በር እያልን እንሄዳለን። 20 የመኝታ ቤት በር ቢኖር 20ውም ዲ2 ናቸው። ከሬቪት ጋር የሚመጣው የበር ታግ ግን የሚያነበው "ማርክ" የሚባለውን ነው። ማርክ ለእያንዳንዱ በር ለየብቻ የሚሰጥ ቁጥር ነው። የመስኮቱ ታግ ደግሞ "ታይፕ ማርክ"ን ያነባል፤ እሱ የዓይነቱ መለያ ነው። ለዚህ ነው መስኮቶቹ በሥርዓት ተቀምጠው በሮቹ ብቻ 45፣ 46፣ 47 የሚሉት።

መፍትሄው የራሳችሁን የበር ታግ መሥራት ነው። ያለውን ታግ ምረጡና "ኢዲት ፋሚሊ" በሉ። የሚከፈተው የታጉ የራሱ ፋይል (ፋሚሊ) ነው። ጽሑፉን የሚያሳየውን ሳጥን፣ ማለትም ሌብሉን፣ ነክታችሁ "ኢዲት ሌብል"ን ክፈቱ። ማርክን ከቀኙ ዝርዝር አውጡ፣ በቦታው ታይፕ ማርክን አስገቡ። በሌላ ስም ሴቭ አድርጉትና "ሎድ ኢንቱ ፕሮጀክት" በሉ። ከዚያ የበሩ "ኢዲት ታይፕ" ውስጥ ገብታችሁ ታይፕ ማርኩ ላይ ዲ1 ብላችሁ ጻፉ።

እዚያው ሌብሉ ላይ "ፕሪፊክስ" የሚል ሳጥን አለ። ዲ የምትለዋን እሱ ውስጥ አስገብቶ ቁጥሩን ብቻ በሩ ላይ መጻፍ ይቻላል። እኔ አልመክርም። ፕሪፊክሱ የሚታየው ታጉ ላይ ብቻ ነው። ፕላኑ ዲ1 ሲል ስኬጁሉ 1 ይላል፣ ሳይት ላይ ያለው ሰውም ይደናገራል።

አንዱን ታግ በቀጥታ ነክታችሁ ስትጽፉ የዚያ ዓይነት በሮች ሁሉ አብረው ከተቀየሩ ታጉ አልተበላሸም። ታይፕ ማርክን ስለምትነኩ ነው። ሬቪት የታይፕ ፓራሜትር (ፓራሜትር መረጃ የሚሞላበት ቦታ ነው፤ የታይፕ ሲሆን ለዚያ ዓይነት ሁሉ የጋራ ነው) እየቀየራችሁ እንደሆነና ብዙ ነገር ሊነካ እንደሚችል ያስጠነቅቃችኋል። ያችን መስኮት ሳያነቡ እሺ ማለት ብዙ ሥራ ያበላሻል። ያንን አንድ በር ብቻ መለየት ከፈለጋችሁ ታይፑን "ዱፕሊኬት" አድርጋችሁ አዲስ ኮድ ስጡት።

ታጉ የጥያቄ ምልክት ብቻ ያሳያል

ቀላሉ ምክንያት የሚነበበው ቦታ ባዶ መሆኑ ነው። በሩን ምረጡ፣ ፓራሜትሩን ፈልጉ፣ ሙሉት። በቃ።

ሞልታችሁትም ምልክቱ ካልጠፋ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ለምሳሌ የበሩን የእሳት መቋቋሚያ ደቂቃ ታጉ ላይ ማሳየት ፈለጋችሁ እንበል። ፕሮጀክቱ ውስጥ አዲስ ፓራሜትር ከፈታችሁ፣ ስኬጁል ላይም በደንብ ወጣ። ታጉ ግን አያገኘውም። ተራ የፕሮጀክት ፓራሜትር ስኬጁል ላይ እንጂ ታግ ላይ አይገባም። ታግ ውስጥ እንዲገባ "ሼርድ ፓራሜትር" መሆን አለበት። ሼርድ ፓራሜትር ከፕሮጀክቱ ውጭ በሚቀመጥ ተራ የቴክስት ፋይል ውስጥ ይመዘገባል። ታጉም ፕሮጀክቱም ከዚያው ፋይል ይወስዱታል።

ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ግን ሦስተኛው ነው። ፓራሜትሩ ሼርድ ነው። ስሙም አንድ ነው። ሞልቷልም። ታጉ አሁንም ምልክቱን ይዞ ተቀምጧል። ምክንያቱም ሬቪት ስሙን አያይም። የሚያየው ጂዩአይዲ የሚባለውን ረጅም መለያ ነው። አንዱ ባልደረባ ቤቱ ላፕቶፕ ላይ "የእሳት ደረጃ" ብሎ ፈጠረ። ሌላው ቢሮ ውስጥ በራሱ ፋይል "የእሳት ደረጃ" ብሎ ፈጠረ። ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለሬቪት ግን ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ጋ ስትደነግጡ የፕሮጀክቱን ፓራሜትር እንዳታጠፉ። እሱ ሲጠፋ የተሞላው መረጃ ሁሉ አብሮት ይጠፋል። የሚስተካከለው ታጉ ነው። መጀመሪያ "ማኔጅ" ውስጥ ባለው "ሼርድ ፓራሜተርስ" የቢሮውን አንድ ፋይል ምረጡ። ቀጥሎ "ፕሮጀክት ፓራሜተርስ" ውስጥ ያንን ፓራሜትር ከፍታችሁ "ኤክስፖርት" በሉት፤ ከነመለያው ፋይሉ ውስጥ ይመዘገባል። ከዚያ የታጉን ሌብል ክፈቱ፣ የድሮውን አውጡ፣ ከፋይሉ አዲሱን አስገቡ። ታጉን መልሳችሁ ስትጭኑት ምልክቱ ይጠፋል።

ያንን ፋይል ሁሉም የሚደርስበት ሰርቨር ላይ አድርጉት። የሚጨምርበትም አንድ ሰው ይሁን።

ታጉን ጫንኩት፣ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም

ካቴጎሪው፣ ማለትም ታጉ ለበር ነው ለመስኮት የሚለው ምድብ፣ ተሳስቷል። በመስኮት ታግ ቴምፕሌት የተሠራ ታግ በርን አያውቀውም። ፋሚሊውን ክፈቱና "ፋሚሊ ካቴጎሪ ኤንድ ፓራሜተርስ" ውስጥ ዶር ታግስ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ሌብሉን እንደገና አረጋግጡ። እዚያው መስኮት ላይ "ሮቴት ዊዝ ኮምፖነንት" የሚል ምርጫ አለ፤ በሩ ሲዞር ታጉም እንዲዞር ከፈለጋችሁ እሱን ምልክት አድርጉበት።

አማርኛው አራት ማዕዘን ሆኖ ታተመ

ይህ የእኛው የራሳችን ችግር ነው። የክፍል ታግ ላይ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት ብላችሁ ጻፋችሁ። እናንተ ጋ ያምራል፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግን ይበላሻል። ታጉ የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ራሱን ይዞ አይሄድም። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ አብሮ ይመጣ ነበር። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ተጨማሪ የኢትዮፒክ ፎንቶች ጥቅል ውስጥ ገብቷል፤ ካላወረዳችሁት የለም። ስለዚህ ሌብሉን ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ በሚመጣው ኢብሪማ ሥሩት። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከወደዳችሁም ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ግን ቢሮው ውስጥ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ። ለማተሚያ ቤት የሬቪቱን ፋይል ሳይሆን ፒዲኤፉን ላኩ።

ጽሑፉ አራት ማዕዘን ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነባችሁ ደግሞ ዩኒኮድ ካልሆነ የድሮ ፎንት የተገለበጠ ነው። ፎንት መቀያየር አያድነውም። በዩኒኮድ ኪቦርድ እንደገና ጻፉት።

ታጉ ሕንፃውን የሚያህል ሆነ፣ ወይም ለሁለት ተቆረጠ

ከኦቶካድ የመጣ ሰው ለ1:100 ፕላን 250 የፊደል ቁመት መስጠት ለምዷል። ሬቪት ታግ ላይ የሚጻፈው ወረቀቱ ላይ የሚወጣው መጠን ነው፤ 2.5 ሚሊ በሉት። ስኬሉ ሲቀየር ራሱን ያስተካክላል። ዲ12 ዲ ከላይ፣ 12 ከታች ሆኖ ከወጣ የሌብሉ ሳጥን ጠቧል፤ ፋሚሊው ውስጥ ጎትታችሁ አስፉት። ታጉ ከበሩ ርቆ የሚያርፍ ከሆነም ሌብሉን ሁለቱ አረንጓዴ መስመሮች ወደሚቋረጡበት ነጥብ መልሱት።

ከሌላ ሰው የተረከባችሁት ፋይል ላይ የቱ ታግ፣ የቱ ቴክስት እንደሆነ ካላወቃችሁ

"ቪዚቢሊቲ ግራፊክስ"ን ክፈቱ። "አኖቴሽን ካቴጎሪስ" ውስጥ "ቴክስት ኖትስ" የሚለውን አጥፉና ፕላኑን እዩ። አብሮ የጠፋ የበር ኮድ ካለ በእጅ የተጻፈ ነው። በዚያ ጂ+4 ፋይል ላይ ይህን ሳደርግ ዲ3 ብቻዋን አልጠፋችም። ሌሎች 6 የበር ኮዶችም አብረዋት ጠፉ። አንድ በአንድ እየሄድን በታግ ተካናቸው፣ ከዚያ ለበር ሠሪው አዲስ ስኬጁል ላክንለት።