ለአይቪኤፍ ከደሴ ስትነሱ፦ ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት

ደሴ ውስጥ ብዙ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት አዲስ አበባ ለአይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና ዘር ከማህፀን ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ማህፀን ለሚገባበት ሕክምና፣ ሊሄዱ ሲሉ ቤቴ ብቅ ይላሉ። የሚጠይቁኝ ስለ ብሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሚፈርሙት ወረቀት ነው።

ከሁሉ በፊት ባል ይመርመር። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹን ይስጥ። መርፌ የለው፣ ቢላ የለው። ሚስት ጠበል ለጠበል፣ ዱዓ ለዱዓ ስትንከራተት ባል ላቦራቶሪ ደጅ ያልደረሰበት ቤት አውቃለሁ። ይሄ ግፍ ነው። ሚስት 35 ዓመት ካለፋት ደግሞ ከ6 ወር ሙከራ በኋላ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ዓመት አትጠብቁ።

በኒካ ወይም በሽማግሌ ተጋብታችሁ ካላስመዘገባችሁ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ሕክምናው በመንግሥት ተቋምም ይሰጣል። የትም ሂዱ የስምምነት ቅፅ ይቀርብላችኋል። ነርሷ ብዕር ይዛ ቆማ ብትጠብቅም አትቸኩሉ። ቁጭ በሉ፤ አንዳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ከዚያ ጠይቁ። ስንት ፅንስ ነው ማህፀን የሚገባው? መንታና ከዚያ በላይ ለእናትም ለልጆችም አደጋ አለው። የተረፈውስ ይቀዘቅዛል? ለስንት ጊዜ? የማቆያውን ማን ይከፍላል? ብንፋታ ወይም አንዳችን ብንሞት ማን ይወስንበታል?

እዚህች ላይ ሁሉም ዝም ይላል። «ምነው እትዬ፣ አታሟርቺ!» ያሉኝ አሉ። ሟርት አይደለም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ ለተፀነሰ ወይም ለተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ስለ ቀዘቀዘ ፅንስ ግን አንድም ቃል የለውም። ስለዚህ ቅፁ ላይ የተጻፈው ነገር ትልቅ ክብደት አለው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ይህን ሕክምና ይመለከታል፤ «የሚመለከተንን አንቀጽ አሳዩን» በሉ። መብታችሁ ነው።

የሌላ ሰው እንቁላል ወይም ዘር ነገር ከተነሳ ያንኑ ቀን አትመልሱ። ሙስሊም ከሆናችሁ የግብፁ የእስልምና ተቋም አል-አዝሃር በ1980 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፈትዋ ሕክምናውን በባልና ሚስት መካከል ፈቅዶ ሦስተኛ ሰው መግባቱን ከልክሏል። ክርስቲያኖችም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ስትፈርሙ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቅጂውን ሳትቀበሉ ከክፍሉ አትውጡ።