ከባሕር ዳር ተነስቶ የተራራ ጉዞ፦ ረጅም የዓመት ፈቃድ እንዴት ይታቀዳል?

ፈቃድ ሲፈቀድ ብዙዎቻችንን የሚያምረን በቀጥታ ስሜን መውጣት ነው። ጉልበት አያንስም፤ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው። ባሕር ዳር ያለችው 1800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር ይበልጣል። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ ስለዚህ ዕቅዱን በቀን ብቻ ሳይሆን በከፍታም አውጡት።

1. ወሩን ምረጡ

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከቅዳሜና እሁድ ጋር ሦስት ሳምንት ገደማ ይሆናል። ክረምቱን እርሱት፤ ጭቃና ጉም ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፣ የሌሊቱን ብርድ ከቻላችሁት። ጥምቀት ሰሞን በጎንደር የምታልፉ ከሆነ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

2. ሐይቁ ዳር እግር አፍታቱ

ከፈቃዱ በፊት ባሉት ቅዳሜና እሁዶች የምትሸከሙትን ቦርሳ ሞልታችሁ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ። ባጃጅ አይፈቀድም! ሌላ ቀን በዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ ከገዳም ገዳም ተጓዙ። አዲስ ጫማ ካለ የሚለመደው እዚህ ነው። የሚልጥ ጫማ ቤታችሁ አጠገብ ቢልጣችሁ ይሻላል።

3. የጉናን ተራራ መሐል አስገቡ

ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን የዕቅዱ ቁልፍ እሱ ይመስለኛል። ደብረ ታቦር ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታዋ 2700 ሜትር አካባቢ። ሁለት ሌሊት እደሩ። በመካከሉ ባለው ቀን በጠዋት ተነስታችሁ መንገዱን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ጉናን ውጡ፤ ማታ ደብረ ታቦር ተመለሱ። ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ሰውነታችሁ ከፍታውን ቀምሶ ዝቅ ብሎ ይተኛል። የገብሱና የድንቹ ማሳ አልቆ ጅብራው ሲጀምር ትንፋሻችሁን አድምጡ። ከዚህ ተራራ የሚነሱት ጉማራና ርብ ጣና ነው የሚገቡት። ውሃውን ከታች የሚያውቅ ሰው ምንጩን ሲያይ ጉዞው ሌላ ጣዕም አለው።

ወደ ጎጃም ማዘንበል ከፈለጋችሁ የጮቄ ተራራም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

4. ከዚያ ስሜን

በጎንደር አድርጋችሁ ደባርቅ ትገባላችሁ። ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ፤ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ የፓርክ ጠባቂ፣ መግባት አይቻልም። መሪና ባለ በቅሎም እዚያው ይገኛል። ዋጋውን፣ የመመለሻ ቀኑንና የማን ስንቅ በማን እንደሚሸፈን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ።

ከ3000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ደባርቅ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያሉ ማደር ለዚህ ይመቻል። ግጭ ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩና እሜት ጎጎን ሳትቸኩሉ እዩት። ከገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ እያዩ መዋል ይቻላል። ራስ ዳሸን? ቀን ከተረፈ። ስሙ ትልቅ ነው እንጂ ለዓይን ግጭና ጨነቅ ይበልጣሉ።

5. ስንቅና ልብስ

በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ። አይበላሽም፣ ምድጃ አይፈልግም፣ ጾምም አያግደውም። የምንጭ ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ለቀን ባርኔጣ፣ ለማታ ወፍራም ሹራብና ጋቢ። ጋቢውን አትናቁት።

6. መንገዱን ጠይቁ

መንገዱ ሰላም መሆኑን በየመነሻው ጠዋት አጣሩ። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ የምታርፉበት ከተማም ሰው ይኑራችሁ። ክፍት ካልሆነ ዕቅዱን ቀይሩ። ለዚህ ሲባል ሁለት ሦስት ባዶ ቀን ከመጀመሪያው ተዉ።

7. ከፍታው ራስ ምታት ካስነሳ

ቀላል ከሆነ ባላችሁበት እረፉ፣ ሽቅብ አትቀጥሉ። ካልተሻለ ወይም ማስመለስ ከጨመረ ውረዱ። መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ነው የሚወረደው። ለስካውቱ ንገሩት፣ አትፈሩ፤ በቅሎዋ ለዚህም ናት።