ገጸ ባሕርይዎ ሥራ ሲፈታ ብዕርዎም ይቆማል፦ ጀማሪ ደራሲያን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ልብ ወለድ ጀምሮ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የተወ ሰው ሲጠየቅ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። ደብተሩ ሲገለጥ ግን ምክንያቱ ገጹ ላይ ቁጭ ብሏል፦ ገጸ ባሕርዩ ነገ የሚሠራው ነገር የለውም። እሱ ሥራ ሲፈታ ጸሐፊውም የሚጽፈው ያጣል። የገጸ ባሕርይ አቀራረጽና የመጻፍ ልማድ እዚህ አብረው የተነሡት ለዚህ ነው።

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ ሰው እንፍጠር። ስሙ ይርጋ ነው፤ ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ዘጌ እንጨት በታንኳ እየጫነ ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ወጣት።

የቀበሌ ፎርም መሙላት

ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሚወደው ምግብ እያሉ ሦስት ገጽ ቢሞሉ ከዚያ ሁሉ አንድ ትዕይንት አይወጣም። መቅደም ያለባቸው ሦስት መስመሮች ናቸው፦ ይህ ሰው እስከ መቼ ምን ማግኘት አለበት? ማን ወይም ምን ይከለክለዋል? ካላገኘው ምን ያጣል? «ይርጋ ኑሮው እንዲሻሻል ይፈልጋል» ብለው ቢጽፉ ከቦታው አይነቃነቅም። «ይርጋ እስከ ሰኞ ጧት የእህቱን የደንብ ልብስ ከልብስ ሰፊው ቤት ከፍሎ ማውጣት አለበት፤ ከዚያ በፊት ያለው ገበያ የቅዳሜው ብቻ ነው» ካሉ ግን ዓርብ ማታ ምን እንደሚያስጨንቀው ወዲያው ይታያል።

ሥራውን ሳያውቁ ሠራተኛውን መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ከደንገል፣ ማለትም ሐይቅ ዳር ከሚበቅል ሸምበቆ መሰል ተክል፣ የሚሠራ ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ሐይቅ ላይ ከዋለ ወጥቶ መድረቅ ይፈልጋል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ወደ ውኃው ዝቅ ይላል፣ የሚችለው ጭነትም ያንሳል። ይህን ያወቀ ጸሐፊ ትዕይንቱ እጁ ላይ ነው። ዓርብ ማታ ይርጋ ደክሞት ታንኳውን ሳያወጣ ተኛ። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ጭኖ ሲያየው ውኃው እስከ እንጨቱ ደርሷል። ግማሹን አራግፎ ቢሄድ ገንዘቡ አይሞላም፤ ተመልሶ ለመጫን ቢያስብ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስና ማዕበል አለ። «ይርጋ ቸልተኛ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አላስፈለገም፤ ጠባዩን እርጥቡ ደንገል ነግሮናል።

ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን ዳርቻው ላይ መቀመጥና ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ጧት መጀመሪያ የምትነካው ዕቃ ምንድን ነው? ምን ሲበላሽ ቀንህ ይበላሻል? ከሥራህ የምትጠላው የቱን ነው? ሦስተኛው ላይ ሰው ፊቱ ይለወጣል፤ መልሱን በራሱ ቃል፣ ሳያሳምሩ ይጻፉት።

ጣናን ፖስት ካርድ ማድረግ

ዘንባባው፣ ፔሊካኑ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ የእንግዳ ዓይን ናቸው። ይርጋ የሚያየው ነፋሱን ነው። ዘመኑንም ይጠንቀቁ፦ እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረም ጣና ላይ መነጋገሪያ የሆነው ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ነው። በ1980ዎቹ በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ መረብ ላይ ከተጠመጠመ የአካባቢው አንባቢ እዚያው ላይ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

ሁሉንም በአንድ አፍ ማናገር

አማርኛ ለደራሲ የሰጠው ትልቅ መሣሪያ አለ፤ «አንተ»ና «እርስዎ»። ብዙዎች ግን እንደመጣላቸው ያቀላቅሉታል። ይርጋ ልብስ ሰፊውን ጋሽ ሙሉን ሲለምን ይመልከቱ፦

«ጋሽ ሙሉ፣ እስከ ሰኞ ይታገሡኝ።»
«ያለፈው ሰኞም እንዲሁ ብለኸኛል።»
«እንግዲህ ታገሠኛ! ምን ላድርግ?»

ከ«ይታገሡኝ» ወደ «ታገሠኛ» ሲወርድ ክብሩ ተሰበረ። «በቁጣ መለሰ» ብሎ መጨመር ትዕይንቱን ያደክመዋል። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ማን ማንን አንተ፣ ማን ማንን እርስዎ እንደሚል በአንድ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ፤ ያ የሚሰበርበትንም ቦታ አስቀድመው ይምረጡ፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ አንዴ ወይም ሁለቴ ከሆነ ይበቃል። ሲጨርሱ የተናጋሪዎቹን ስም በእጅዎ ሸፍነው ጮክ ብለው ያንብቡ። ማን እንደተናገረ ካልተለየ ሁሉም የሚናገሩት በእርስዎ አፍ ነው።

በቀን አምስት ገጽ ብሎ መማል

በቀን 150 ቃል፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ40 ሳምንት ከጻፉ 30,000 ቃል ይሆናል፤ ይህ አነስ ያለ የልብ ወለድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ሁለቱ ቀናት ለሰንበት፣ ለማኅበር፣ ለለቅሶ የተተዉ ናቸው፤ እነዚህን ያልቆጠረ ዕቅድ እዚህ አገር አይሠራም። አንድ ቀን ቢያመልጥዎ በማግሥቱ የሚጽፉት 150 እንጂ 300 አይሁን። ውዝፍ የተጠራቀመበት ሰው ደብተሩን መክፈት ይፈራል። ሰዓቱንም «ሲመቸኝ» አይበሉት፤ በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ያስሩት፣ ለምሳሌ ከቁርስ በፊት ካለው ግማሽ ሰዓት። መብራት የጠፋ ቀን እንዳይቆሙ ደብተርና እስክሪብቶ አጠገብዎ ይኑር።

ትዕይንቱን ጨርሶ መነሣት

ትዕይንት ጨርሶ የተነሣ ሰው በማግሥቱ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። ይርጋ መቅዘፊያውን ሲያነሣ ያቁሙና ከታች አንድ መስመር ይተዉ፦ «ቀጥሎ፤ ከኋላው የእህቱ ድምፅ ይጠራዋል»። ነገ የሚጀምሩት ከዚያ ነው።

በየቀኑ ከገጽ አንድ ማረም

አንደኛው ምዕራፍ አሥር ጊዜ ይታረማል፣ አራተኛው አይወለድም። ሲጀምሩ ያለፈውን ግማሽ ገጽ ብቻ ያንብቡ። ቀድሞ የተጻፈው መለወጥ ካለበት ከደብተሩ ጀርባ «እህቱ ታላቁ ትሁን» ብለው ይመዝግቡና ይቀጥሉ፤ ረቂቁ ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያርሙታል።

ታሪኩን ቡና ላይ ማውራት

መጨረሻውን ለጓደኛ ያወራ ሰው የመጻፍ ጉጉቱን እዚያው ይጨርሰዋል። ረቂቁ እስኪያልቅ ዝም ይበሉ።

ከረጅም ዕረፍት በኋላ በጭንቀት መመለስ

ሦስት ሳምንት ተዘግቶ የቆየ ደብተር ሲከፈት ሰው ሁሉንም አንብቦ ለመጀመር ይሞክርና ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። በዚያ ቀን ታሪኩን ይተዉት። ይርጋ በራሱ አንደበት ለእህቱ አሥር መስመር መልእክት ይላክ፦ ልብሱ ለምን እንዳልወጣ፣ ታንኳው የት እንዳለ፣ ሰኞ ምን እንደሚላት። አሥረኛው መስመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጥለው ትዕይንት ተገኝቷል።