ከእግር ስር ካለው ጓሳ እስከ ማዶ አምባ፦ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ማንሳት

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ እመት ጎጎ ላይ ያነሳሁት አንድ ፎቶ ነው። ሰሜን ተራሮች የሄደ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። ከፍታው 3,926 ሜትር ነው፤ ከጫፉ በታች ገደል፣ ከገደሉ ማዶ ተደርድረው የቆሙ አምባዎች። ከፊቴ አንድ ጅብራ፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ነበረ፤ ዙሪያውን ጓሳ ሳር። ካሜራዬ 45 ሜጋፒክስል ነው፣ ሌንሱ 24 ሚሊሜትር። ስልኬ ላይ ያለው የፎከስ ማስያ አፕ እንዳለኝ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 11 አድርጌ 1 ሜትር ከ75 ላይ ፎከስ አደረግኩ። ከ90 ሳንቲሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ዓይን የሚደርስበት ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል ነበር ያለኝ። በካሜራው ስክሪን ሳየውም ችግር የለበትም። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳሰፋው ግን ጅብራው ቅጠሉ እየተቆጠረ፣ አምባዎቹ በስስ ነጠላ የተሸፈኑ መሰሉ። ያን ቀን ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም። የፎከስ ጉዳይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ብዙዎቹ አፖች የሚያሰሉት በፊልም ዘመን በወጣ መለኪያ ነው። መለኪያው አንድ ነጥብ ሴንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል) ላይ 0.03 ሚሊሜትር ድረስ ቢሰፋም ዓይን አሁንም ነጥብ ነው ብሎ ይቀበለዋል ይላል። ፎቶው 20 በ25 ሳንቲሜትር ታትሞ በእጅ ተይዞ ሲታይ ይህ እውነት ነው። በ45 ሜጋፒክስል ሴንሰር ላይ ግን የአንድ ፒክስል ስፋት 0.0044 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ያ "የተፈቀደ" ብዥታ 7 ፒክስል ያህላል። በ61 ሜጋፒክስል ካሜራ 8 ይሆናል። ፎቶውን 1 ሜትር አስፍታችሁ ብታሳትሙት ያው ብዥታ ከ0.8 ሚሊሜትር ያልፋል፣ ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ይታያል። ካሜራው ብዥታውን አልፈጠረውም፤ ድሮም የነበረውን ነው ያሳየን። ግን ለዚህ ካሜራ ያን ሁሉ ብር ያወጣነው አስፍተን ልናይበት ስለሆነ፣ መለኪያውን መቀየር ያለብን እኛ ነን።

መጀመሪያ ይህን አድርጉ። አፑ ውስጥ ሰርክል ኦፍ ኮንፊውዥን (ይኸው የተፈቀደ ብዥታ ነው) የሚል ቦታ ፈልጉና 0.03 የሚለውን 0.01 አድርጉት። ሃይፐርፎካል የሚባለው ርቀት፣ ማለትም ፎከስ ሲደረግበት ከግማሹ ጀምሮ እስከ ሩቁ ድረስ ጥርት የሚልበት፣ ወዲያው ይቀየራል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ 8፣ ቀድሞ 2 ሜትር ከ40 የነበረው 7 ሜትር ከ20 ይሆናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። የድሮ ሌንሶች ላይ የተቀረጹት የርቀት መስመሮችም በዚያው በድሮው መለኪያ የተሰሩ ስለሆኑ አትመኑባቸው።

ቀጥሎ አፐርቸር። "እንግዲያው ኤፍ 22 አድርጌ ልገላገል" የሚል ሐሳብ እንደሚመጣላችሁ አውቃለሁ፣ ለእኔም መጥቶልኛል። አይሆንም። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ ራሱ ጠርዙ ላይ እየተበተነ ነጥቡን ያሰፋዋል፣ ዲፍራክሽን የሚባለው ነው። በኤፍ 8 ነጥቡ 0.011 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል፣ በኤፍ 16 0.021፣ በኤፍ 22 ደግሞ 0.03 ሊደርስ ምንም አይቀረው። የሸሸነው ቁጥር መጣ ማለት ነው፣ ያውም ፎቶው ሁሉ ላይ። እኔ ከኤፍ 8 እጀምራለሁ፣ ሲያስፈልግ እስከ ኤፍ 11 እሄዳለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አልወጣም።

ትራይፖድ የግድ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ንፋሱ ስለማይተኛ የመሃሉን ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት፣ ቦርሳችሁን ከስሩ አንጠልጥሉበት። ሻተሩን በጣት ከመጫን የ2 ሰከንድ ታይመር ይሻላል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ዝቅተኛው ላይ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ፎከሱ። ከትዕይንቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ፎከስ አድርጉ የሚለውን የቆየ ምክር ተዉት። የማዶው ተራራ ከሰማይ ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን ላይ) እስከ መጨረሻው አስፍታችሁ፣ ፎከሱን ማንዋል አድርጋችሁ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ እስኪሆን ድረስ ቀለበቱን በቀስታ አዙሩ። ቀለበቱን ጫፍ ድረስ ወስዳችሁ እዚያ አትተዉት፤ ብዙ ሌንሶች ከኢንፊኒቲ (ከመጨረሻው ሩቅ) አልፈው ስለሚዞሩ ተራራው መልሶ ብዥ ይላል።

ሩቁን አስቀድሙ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራራው ላይ ያለው ዝርዝር፣ ስንጥቁ፣ ዛፉ፣ ፎቶው ውስጥ በጣም ትንንሽ ሆኖ ስለሚገባ ጥቂት ብዥታ ያጠፋዋል። የቅርቡ ግን ትልቅ ስለሆነ ይችላል። ለዚህ የምወደው ቀላል ስሌት አለ። ሌንሱ ኢንፊኒቲ ላይ ሲሆን፣ የሌንሱን ሚሊሜትር ለኤፍ ቁጥሩ አካፍሉ፤ 24 ለ8፣ 3 ሚሊሜትር። ከ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነገር እፊታችሁ ቅርብ ቢሆንም ቅርጹ ተለይቶ ይታያል። የጅብራው ቅጠል ይታያል ማለት ነው። ቀጭኗ የጓሳ ሰበዝ ግን አትታይም።

ጓሳውንም ከፈለጋችሁ፣ እኔ ብዙ ጊዜ እፈልጋለሁ፣ አንድ ፎቶ አይበቃም። ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ሦስት አንሱ። የመጀመሪያው የማዶው ተራራ ላይ፣ ሁለተኛው 3 ሜትር ከ60 ላይ፣ ሦስተኛው 1 ሜትር ከ80 ላይ። ቁጥሮቹን ከየት አመጣሃቸው ካላችሁ፣ 7 ሜትር ከ20ን ለ2 እና ለ4 ማካፈል ነው። አንዱ የሚያቆምበት ላይ ሌላው ስለሚጀምር ከ1 ሜትር ከ45 ገደማ እስከ ሰማይ ጠርዝ ክፍተት የለም። ይበልጥ መጠጋት ካማራችሁ አራተኛ፣ 1 ሜትር ከ20 ላይ፣ ጨምሩ። ሻተር፣ አፐርቸር፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ሁሉም ማንዋል ይሁኑ። ኒኮን ዲ850ን የመሳሰሉ ካሜራዎች ፎከሱን ራሳቸው እያዛወሩ ያነሳሉ። ፎከስ ሲቀየር ምስሉ ትንሽ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ ዳር ዳሩን ትርፍ ቦታ ተዉለት።

ቤት ስትገቡ ፎቶሾፕ ውስጥ ፎቶዎቹን በንብርብር ክፈቱ፣ መጀመሪያ ኦቶ አላይን (ፎቶዎቹን የሚያገጣጥመው)፣ ቀጥሎ ኦቶ ብሌንድ (ከየፎቶው ጥርቱን የሚያዋህደው)። አብዛኛውን ሥራ ይጨርስላችኋል። የጅብራው ጫፍ ማዶውን ተራራ የሚነካበት ቦታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የብዥታ ጥላ ይተዋል፤ እዚያ ማስኩን (የትኛው ፎቶ የት እንደሚታይ የሚወስነውን) በእጅ ከማስተካከል ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ከቦታው ከመነሳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፎቶ መቶ በመቶ አስፍታችሁ እዩት፤ ማዶውን፣ እግራችሁ ስር ያለውን፣ ከዚያ ደግሞ ማዕዘኖቹን። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ፀሐይ ገደሉን ካሞቀችው በኋላ አየሩ ይርገበገባል፣ ያንን የሚያስተካክል ፎከስ የለም።

ንፋሱ ጓሳውን ካላስቆመ ሦስቱ ፎቶዎች አይገጣጠሙም፤ ጋብ እስኪል ጠብቁ፣ እንቢ ካለ የቅርቡን ፎቶ ብቻ አይኤስኦ ጨምራችሁ በፈጣን ሻተር አንሱት፣ ብርሃኑ ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን። የጭላዳ መንጋ ሳር እየነጨ ፍሬማችሁ ውስጥ ከገባ ደግሞ ስታኩን፣ ማለትም ብዙ ፎቶ አንስቶ መደራረቡን፣ ተዉት። ጭላዳ ለሦስት ፎቶ አይቆምላችሁም። ፎከሱን ዓይኑ ላይ አድርጉ፣ ተራራው ይደብዝዝ።